በቀሚሴ ጫፍ የተሰፋው የጣሊያን ሳንቲም

ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣቶች በባጃጅ መጥተው ከሱቄ ደጃፍ ወረዱ። መጀመሪያ የሰጋሁት ለሱቁ ነው። ዘንድሮ ሰው ደጄ ሲቆም ደንግጬ ነው የማየው፤ ስልክ ሲጠራ ደንግጬ ነው የማነሳው፤ የካራቆሬ መንገድ ተዘጋ ሲሉኝ እደነግጣለሁ፣ ተከፈተ ሲሉኝ ደግሞ ማን ሊመጣ ነው ብዬ እደነግጣለሁ። ልጆቼ «እማዬ፣ አንቺ እኮ የምትደነግጪበት ነገር ስታጪም በዚያው ትደነግጫለሽ» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ልጆቹ ግን ጨዋ ነበሩ፤ ሞባይላቸውን አውጥተው የድሮ ገንዘብ ፎቶ እያሳዩኝ እንዲህ ያለ ነገር እቤት ካለ በጥሩ ዋጋ እንደሚገዙ ነገሩኝ። ጠገራ ብር አሳዩኝ፣ የምኒልክን አሳዩኝ፣ እኔም መነጽሬን አድርጌ እያየሁ ራሴን እነቀንቃለሁ። ከዚያ አንዱ ጣቱን ሸርተት ሲያደርገው አንዲት ቀይ፣ መዳብ መሳይ ሳንቲም መጣች፤ በአንድ ፊቷ የጣሊያን ንጉሥ ራስ፣ በሌላው ፊቷ አበባ ላይ ያረፈች ንብ። ወዲያው አወቅኋት። «የለኝም፤ ሂዱ እናንተ ደግሞ፣ በዚህ ፀሐይ አትንከራተቱ» ብዬ ሸኘኋቸውና በጠራራው ሱቄን ዘጋሁ።

ያቺን ንብ ካየሁ ስንት ዘመኔ። እንቅልፍ ነሳችኝ ብል ውሸት ነው፤ እንቅልፍስ ድሮም የለኝ። ግን ወስዳ ወስዳ ከአባቴ በረንዳ ላይ ጣለችኝ። ያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት እንዲህ አልነበረችም። ከአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ጥቂት የቆርቆሮ ቤት ከሣር ቤት ጋር ተደባልቆ፣ ከኋላው ማሽላ፣ ከማሽላው ኋላ ወንዙ። ሙቀቱ ብቻ ነው ያልተለወጠው። በገበያ ቀን ደገኛው ገብስና ባቄላውን ጭኖ ይወርዳል፣ አርጎባዎቹ ጥጥና በርበሬ ያመጣሉ፣ አፋሮቹ ግመሎቻቸውን ከዋርካው ሥር አንበርክከው ቅቤ ይሸጣሉ። ስሙኒ ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ዘንቢሉን ሞልቶ፣ ለልጅ ሸንኮራ ገዝቶ፣ መልስ ይዞ ነው የሚገባው። አሁን ለልጅ ልጄ ስሙኒ ብላት ምን እንደሆነ አታውቀውም። የአረብ ሱቅ ነበር፤ ደጁ ላይ አቡጀዴ፣ ፖፕሊን፣ ካኪ ተንጠልጥሎ ሲውለበለብ ሙሽራ የመጣ ይመስል ነበር። የዘመኑ ሴት ወገቡ ጠበቅ፣ ታቹ ሰፋ ያለ ቀሚስ ትወዳለች። እሱን የሚሰፋው ደግሞ አባቴ ነው።

አባቴ ወልዴ ይባላል። የልብስ ስፌት መኪናውን በረንዳው ላይ ዘርግቶ፣ መርፌውን በከንፈሩ ይዞ የሚውል፣ ቃል ከአፉ የማይወጣው ሰው ነበር። ለቀሚስ የሚያስከፍለው ሽልንግ ነው፤ ላጣ ደግሞ በዶሮም በእንቁላልም ይሰፋል። ስሙ የወጣው ግን በነፋሱ ነው። ሮቢትን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከሰዓት በኋላ ያ ነፋስ ከቆላው ሲነሳ አቧራውን ይዞ መጥቶ ያንን ሰፊ ቀሚስ የሴቷ ራስ ላይ ካላወጣሁ ይላል። ሴቱ በአንድ እጁ እንስራ፣ በአንድ እጁ ቀሚሱን ይዞ ነበር የሚሄደው። አባቴ የሰፋው ቀሚስ ግን አይነሳም። ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ሲራመዱበት ብቻ ዘንፈል ይላል። ከቀወት ገጠር ሳይቀር ጨርቃቸውን ይዘው ወደሱ ይመጡ ነበር። ምን አድርጎበት ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ እጁ የተባረከ ነው ተባለ፣ አለቀ።

ያ የጣሊያን ሳንቲም ያን ጊዜ ምናምንቴ ነው። ጣሊያን ሲወጣ ወረቀቱንም መዳቡንም ጥሎብን ወጣ፤ ማንም የሚቀበለው አልነበረም። ልጆች ይጫወቱበታል፣ አፋሮቹ በስተው ከግመላቸው አንገት ያንጠለጥሉታል፣ ጠጅ ቤቶቹ የሚነቃነቅ ጠረጴዛ ሥር ይሸጉጡታል። አንድ ሁለት ቢገኝብህ ማንም ምንም አይልህም። ብዙ ከተገኘብህ ግን «ከየት አመጣኸው?» ትባላለህ። ያንን ሳንቲም በብዛት ያገኘው ለነሱ የሠራ ነዋ። እኛ ቆላ ውስጥ ወባን የማይፈራ ሰው አልነበረም፤ ባንዳ መባልን ግን ከወባም በላይ ይፈሩት ነበር። ወባው አንተን ነው የሚይዝህ፤ ስሙ ግን ከልጅ ልጅህ አይወርድም።

አባቴ ደግሞ ከረጢት ሙሉ ነበረው። ይህንን የነገረችኝ እናቴ አስካለ ናት፣ እኔ ለጋብቻ በተጠየቅሁ ጊዜ። በጣሊያን ዘመን አባቴና ታናሽ ወንድሙ ተሰማ የጣርማ በርን ዋሻ ሲቆፍሩ ከነበሩት መሀል ነበሩ። ወደው ይሁን ተገደው እሱን እንዳትጠይቂኝ አለችኝ፤ የራበው ሰው ሁለቱንም ነው። አንድ ማለዳ አባቴ ውሃ ሊቀዳ ወደ ምንጩ ወርዶ ሳለ ከተራራው አናት ድንጋይ ተለቀቀ። አርበኞቹ ናቸው፤ ሠፈሩን ነበር የፈለጉት። ሲመለስ ድንኳኑም ሰዉም የለም። ተሰማን ፈልገው ማውጣት አልቻሉም። ከቀናት በኋላ አሠሪው ጠርቶ የወንድሙን ደሞዝ በዚያ በቀይ ሳንቲም ከረጢት ውስጥ አድርጎ ሰጠው። ጣሊያንም ሄደ፣ ሳንቲሙም ዋጋ አጣ፤ አባቴ ግን ከረጢቱን አልጣለውም። ይህንን የሚያውቁት አባቴና እናቴ ብቻ ነበሩ፤ ዘመዱ ሁሉ ተሰማን ወባ ገደለው ነው የሚለው።

ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ነገረችኝ? የወደድኩት ልጅ ሽፈራው ከጣርማ በር ማዶ የሚወርድ ደገኛ ነበርና ነው። በየገበያው ባቄላ ጭኖ ይመጣና በአባቴ በረንዳ ፊት ለፊት ያራግፋል፤ ባቄላውን ሲሰፍር ዓይኑ እኔ ላይ ስለሆነ ስንት ጊዜ አትርፎ ሰፍሮ ከስሯል። አፍ አውጥቶ ያለኝ ነገር የለም፤ እኔም የለኝም። ግን ገበያ ሳይመጣ የቀረ ቀን ውሎዬ ይበላሽ ነበር። ሽማግሌ ልኮ፣ ነገሩ ተያይዞ፣ ቃል የሚታሰርበት ቀን ሲደርስ አባቱ ግራዝማች ሀብቴ ራሳቸው መጡ። ቁመታቸው በሩን የሚሞላ፣ ቦት ጫማ ያደረጉ፣ አርበኛ። ጠላው ሲቀዳ ጨዋታ መጣ፣ ጨዋታው ሲደራ ደግሞ ግራዝማች በየድግሱ የሚያወሯትን አወጧት። ጎህ ሲቀድ ከጣርማ በር አናት ሆነው ድንጋይ ነቅለው ሲለቁ፣ የጣሊያን ወታደሩ ሠላቶና ባንዳው አንድ ላይ ሲቀበር፣ ድንኳኑ ድራሹ ሲጠፋ። ሽማግሌዎቹ በሣቅ ፈነዱ። አባቴ ጠላ ይቀዳ ነበር፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። እናቴ ግን ከጓዳ ወጥታ የያዘችውን ሳህን መልሳ ይዛ ገባች።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሁለቱ ተነጋገሩ። እናቴ ደም እኮ ነው ወልዴ አለችው። አባቴ ከላይ የነበረው ሰው ብዙ ነው፣ እሱ ይልቀቀው ሌላ ማን ያውቃል፣ ልጅቷ ወዳዋለች ብሎ ወደ ስፌት መኪናው ሄደ። እናቴ ነገሩን አምጥታ እኔ ላይ ጣለችው። በኛ አገር ደም ካለ ጋብቻ የለም። መጀመሪያ ሽማግሌ ይገባል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ደሙ ይደርቃል፤ እስከዚያ ደግሞ የአባቴ የአጎት ልጆች ጠመንጃ አላቸው። ይህ ከኛ ወገን ቢሰማ ነው። ከነሱ ወገን ቢሰማ ደግሞ ግራዝማች የባንዳ ልጅ እቤታቸው አያስገቡም። እናቴ «አንድ ሰው አፉ ካመለጠው ሽፈራውንም ታጪዋለሽ፣ አባትሽንም ታጪዋለሽ፤ ይህንን እያወቅሽ ግቢ» አለችኝ። እኔም ገባሁ። የመደንገጥ አመሌ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፤ ልጆቼ አያውቁትም እንጂ።

የሚያስቀው ጉዳይ የመጣው ከዚያ ነው። ለጥሎሽ ያሰቡትን ቀሚስ ደብረ ሲና ማሰፋት ሲችሉ፣ የግራዝማች ሽማግሌ ሐር የመሰለ ነጭ ጨርቅ ይዞ አባቴ በረንዳ ላይ ወጣ። የልጅቷን ልክ ከአባቷ በላይ የሚያውቅ ሰፊ የት ይገኛል ብሎ። ከተማው ሣቀብን፤ ሙሽሪት በአባቷ እጅ የተሰፋ ጥሎሽ ልትቀበል ነው ተባለ። አባቴ ግን ደስ አለው። ለሌላ ሰው በመኪና የሚጨርሰውን እሱን በእጁ ነበር የሚቀመቅመው፤ ሰው ሲመጣ ያጣጥፈዋል፣ ሰው ሲሄድ ይዘረጋዋል። ሲያልቅ ጠቅልለው ለግራዝማች ቤት ወሰዱት። ጥሎሽ ከሠርጉ ቀን በፊት ሙሽራ አታየውም፤ እኔም አላየሁትም።

ቀሚሱ ከሄደ በኋላ እማማ ዘይነባ መጣች። የእናቴ ወዳጅ ናት፣ አርጎባ፣ ጥጥ ነጋዴ፣ ሳቋ ከገበያው ማዶ የሚሰማ። ያን ቀን አልሳቀችም። መቀመጫ ሳትጠብቅ እናቴን ወደ ጓዳ ይዛት ገባች፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ። ወንዝ ወርዳ አባቴ የሰፋላትን ቀሚስ ስታጥብ ቅምቅማቱ ተተርትሮ ኖሯል። መዳፏን ስትዘረጋ ያቺ ንብ ያለባት ሳንቲም ናት። «አስካለ፣ ወላሂ ለማንም አላሳየሁም። ግን የኔ ውስጥ ካለ የሁሉም ውስጥ አለ» አለቻት። እናቴ ወደ በረንዳው ወጥታ ሳንቲሙን የመኪናው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። አባቴ አየውና መርፌውን ከአፉ አወጣ።

ለካ የነፋሱ ምስጢር እሱ ነው። ያንን ከረጢት ሊጥለው አልቻለም፣ ሊበላበትም አልቻለም፣ እቤት ሲቀመጥ ደግሞ ዓይኑ ላይ ይመጣበታል። ስለዚህ በሰፋው ቀሚስ ሁሉ ጫፍ አንድ ሁለት እያደረገ እየቀመቀመ፣ በዓመታት ውስጥ አውጥቶ አውጥቶ ጨረሰው። የሮቢት ሴት ሁሉ ያጎቴን ደሞዝ እየጎተተች ገበያ ስትሄድ ስትመለስ ኖራለች ማለት ነው። ቀሚሱ አለመነሳቱ በኋላ የመጣ ነገር ነው፤ እሱም ገርሞት ነበር። እናቴ የሙሽሪትስ ቀሚስ አለችው። አባቴ ራሱን ደፋ። «የቀረውን በሙሉ እሷ ላይ ነው የጨረስኩት። ተሰማም ይሸኛት ብዬ ነው» አላት።

እናቴ ደረቷን አልደቃችም፣ አልጮኸችም። በረንዳው ጫፍ ቁጭ አለች። ቀሚሱ በግራዝማች ሣጥን ውስጥ ነው! የዚያን ሳምንት እናቴ ወገቡ ላይ የቀረ ነገር አለ፣ ይመለስልንና ይስተካከል ብላ ሰው ላከች። ጥሎሽ ወጥቶ አይመለስም፣ ገዱም አይደለም፣ ከጠበባት ትክሳ የሚል መልስ መጣ። ከስቼማ ነበር። ከጣርማ በር የሚወርድ የጭነት መኪና ባቆመ ቁጥር አሁን ነው፣ ተከፍቶ ታይቷል፣ ሊመልሱት ነው የመጡት እያልኩ ጓዳ እገባለሁ። መኪናው ዘይት ሊጨምር ነው የቆመው። የሽፈራው እናት ቀሚሱን ልታየው ትችላለች፣ አንዷ ዘመድ ልትለካው ትችላለች፣ አይጥ ጫፉን ልትበላው ትችላለች። እማማ ዘይነባ እየመጣች ያ ረቢ አንቺ ልጅ ሳታገቢ ልትሞቺ ነው ትለኛለች፣ ሾርባ ታጠጣኛለች፣ አይወርድልኝም። ሽፈራው ገበያ ሲመጣ ከሩቅ ፊቱን አየዋለሁ፤ የፈገገ እንደሆነ አላወቁም ማለት ነው ብዬ እስከሚቀጥለው ገበያ እተነፍሳለሁ። አባቴ በፊትም አይናገርም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የስፌት መኪናውም ዝም አለ።

ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ደረሰ። ዳሱ ተጣለ፣ ቄጤማው ተጎዘጎዘ፣ ሙቀቱ ደግሞ ሰው ያቀልጣል። እኔን አስጊጠው፣ አከናንበው፣ ጓዳው በር ላይ ከመጋረጃ ኋላ አስቀመጡኝ። ሙሽራ ያን ጊዜ እንደ ዛሬ ካሜራ ፊት ትሽከረከራለች መሰላችሁ? ቀና ማለት የለ፣ መናገር የለ። መጋረጃው ከመሬት ከፍ ያለ ስለነበር የማየው እግር ብቻ ነው። የደገኞቹ እግር በዘፈን ገባ፣ ተቀመጠ። የሽፈራውን አዲስ ጫማ አወቅሁት። ከዚያ ሽማግሌያቸው ተነስቶ ጥሎሹን እያነሳ ማሳየት ጀመረ። ጫማ፣ ጥላ፣ ሽቶ፣ የብር ድሪ። እንደ ደንቡ በየዕቃው የኛ ወገን ያንሳል ይላል፤ ሁሉም ይሥቃል። ዋናው ያንሳል ባይ ደግሞ የእናቴ ወንድም ጋሼ ክፍሌ ነው፤ ሲፈጥረው ለዚህ ነው። በልቤ እግዚአብሔር ሆይ ይህቺን አንዲት ቀሚስ ብቻ ቶሎ አሳልፋት እላለሁ።

ቀሚሱ ተነሳ። ጋሼ ክፍሌ አመሉ ነውና ተነስቶ ከሽማግሌው እጅ ቀማው። ጫፉን ዳበስ አደረገና ከበደኝ፣ ወርቅ ሰፍታችሁበታል እንዴ ብሎ ዳሱን አሣቀው። ወንድሜ ሆይ አርፈህ ተቀመጥ የምትለው የእናቴ ድምፅ ተሰማኝ፤ ማን ይስማት። የነሱ ወገን እኛ አልሰፋንም ተባባሉ። ሣቁ ቀስ እያለ ቀዘቀዘ። ያን ጊዜ ከነሱ ሴቶች አንዷ፣ መልኳን እስከ ዛሬ አላውቀውም፣ «ድግምት ነው፤ ልጃችንን ሊያስሩት ነው» አለች። ሙሽራ ቀሚስ ውስጥ የተሰፋ ነገር ሲገኝ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ዳሱ ውስጥ የነበረው እግር በሙሉ ተነሳ። ቦት ጫማው ወደ መሀል መጣ። ግራዝማች ቀሚሱን ተቀብለው ሲዳብሱት ይሰማኛል። ከዚያ ቢላዋ ክር ሲበጥስ።

ሳንቲሞቹ ቄጤማው ላይ ሲወድቁ ድምፅ የላቸውም። አንዷ ተንከባላ መጋረጃው ሥር፣ እግሬ አጠገብ መጥታ ቆመች። ንቧ ወደ ላይ ናት። እግሬን ላደርግባት ፈልጌ ነበር።

ኋላ እንደሰማሁት ግራዝማች አንዷን አንስተው አገላብጠው አዩ። ማን ነው የሰፋው የሚለውን መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል። የአባቴ በረባሶ ጫማ ሳይጠራ መጥቶ ቦቱ ፊት ቆመ።

«ይህ የጣሊያን ነው» አሉ ግራዝማች። «ከየት አመጣኸው?»

«ከጣርማ በር» አለ አባቴ።

ከኋላ ባንዳ የሚል ቃል ሲንሾካሾክ ሰማሁ። ግራዝማች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያ ደግሞ ከጩኸት ይብሳል፣ «የባንዳ ደሞዝ ነው በልጄ ሚስት ቀሚስ የሰፋኸው?» አሉት።

«ደሞዙ የኔ አይደለም። የወንድሜ የተሰማ ነው። እኔ ውሃ ልቀዳ ወርጄ ነበር። ጎህ ሲቀድ ነው። ስመለስ ድንጋዩ ከላይ ወርዷል» አለ አባቴ። ቀጥሎም «እሱን አልሰጡኝም፤ የሰጡኝ ይህንን ነው» አለ።

ያ ሁሉ ሰው ያቺን የግራዝማችን ጨዋታ ያውቃታል፤ በየድግሱ ስቆባታል፣ ራሱ አባቴ ጠላ እየቀዳ ሰምቷታል። አሁን ሁሉም በየሆዱ እያገጣጠማት ነው። የአባቴ የአጎት ልጆች ያሉበት በኩል አንድ ጠመንጃ ከግድግዳው ሲነሳ እንጨቱ ቋ ሲል ሰማሁ። ከነሱም ወገን ሌላ። እናቴ መጋረጃውን አልፋ ገብታ እጄን ያዘችኝ። አለቀ አልኩ። ሽፈራውም አለቀ፣ አባቴም አለቀ። ግራዝማች አባቴን ቢመቱት ምን አደርጋለሁ፣ ጥለውን ቢሄዱ ምን አደርጋለሁ እያልኩ፣ ዓይኔ ከዚያ ቦት ጫማ ላይ አልነቀል አለ።

ቦቱ ተንቀሳቀሰ። ወደ በሩ ሊሄድ ነው ስል፣ ጉልበት ወደ መሬት መጣ። ግራዝማች ተንበርክከው፣ ያ ሁሉ ቁመት ታጥፎ፣ በእጃቸው ቄጤማውን እየገለጡ ሳንቲሞቹን ይለቅሙ ጀመር። ማንም አላገዛቸውም። መጋረጃው ሥር ያለችዋ ዘንድ ሲደርሱ እኔ ከትከሻዬ ጎንበስ ብዬ በጣቴ ገፋ አደረግሁላቸው። ሙሽራ እንዲህ አታደርግም፤ ያየኝ የለም፣ እሳቸው ግን ቀና ብለው በመጋረጃው ሥር አዩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። ከዚያ ተነሱ። እስከዚያች ሰዓት አባቴን አንተ እያሉ ነበር የሚያናግሩት።

«አቶ ወልዴ፣ መርፌ ይዘዋል?» አሉት።

አባቴ መርፌ ከሌለው ማን ሊኖረው ነው፤ ኮቱ ደረት ላይ ክር እንደገባበት ተሰክቷል። «ይዣለሁ» አለ።

«እንግዲያው መልሰው ይስፉት። እኔ እይዝልዎታለሁ።»

ዳሱ መሀል ተቀመጡ። ግራዝማች የቀሚሱን ጫፍ በሁለት እጃቸው ወጥረው ይዘው፣ አባቴ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ እየመለሰ ቀመቀመው። ጠመንጃዎቹ ወደ ግድግዳቸው ተመለሱ። ሰዉ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፣ ወጡም እየቀዘቀዘ። ኋላ ሽማግሌዎች ገብተው ደሙ እንደ ወጉ ደርቋል፤ ካሣም ተነስቶ አባቴ እምቢ ብሏል። እኔ ግን ደሙ የደረቀው ያን ጊዜ ነው እላለሁ።

ቀሚሱን ለብሼ ወጣሁ። የከሰዓቱ ነፋስ ተነስቶ ነበርና የሚዜዎቹ ነጠላ ሲበር የኔ ቀሚስ ንቅንቅ አላለም። በጭነት መኪና ወደ ደጋው ስንወጣ ጫፉ ቁርጭምጭሚቴን እየመታኝ ነው የሄድኩት። የጣርማ በሩ ዋሻ ውስጥ ስንገባ ሚዜዎቹ ዘፈኑን ሊያደምቁ ሲሉ ከፊት የተቀመጡት ግራዝማች በእጃቸው ዝም አሰኟቸው።

ደጋው ላይ ብዙ ዓመት ኖርኩ፣ ወለድኩ፣ ኋላ ነው ከሽፈራው ጋር ወደ ሮቢት የወረድነው፤ ብርዱ ለሳንባው ስለማይስማማው። ግራዝማች እንደ ልጃቸው አኖሩኝ ብል አላጋነንኩም። የአርበኝነት ወሬያቸውንም አልተዉም፤ ሰው በመጣ ቁጥር የተሻገሩትን ወንዝ፣ የተራቡትን ረሃብ ያወራሉ። ያቺን ግን አያነሷትም። እኔ ደግሞ በየድግሱ አሁን አንድ ሰው ያነሳታል እያልኩ ልቤ እንደተሰቀለ ነው። ልጆቼ ካደጉ በኋላ አንድ የጥምቀት ሰሞን እቤታችን ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ከሩቅ የመጣ የግራዝማች የድሮ ጓደኛ ጠጁ ሞቅ ሲያደርገው የፈራሁትን ጀመረ። «ሀብቴ፣ ያቺን የጣርማ በሯን ንገራቸው እንጂ ለልጆቹ። ያንን ድንጋይ ስንለቀው…» ልጆቼ አያታቸውን ከበው ተቀመጡ። እኔ ወጥ ልጨምር ድስት ይዤ መሀል ቤት ቆሜያለሁ፤ ድስቱ ከእጄ እንዳያመልጠኝ ወደ ሆዴ ጠጋ አደረግሁት። ግራዝማች ብርሌያቸውን አስቀመጡ።

«ከታች ሰው ነበረ» አሉት።

ሰውዬው ያገዙት መስሎት «እንዴታ፣ ሠላቶ ብቻ!» ብሎ ሣቀ።

«የለም» አሉ፤ ዓይናቸው ከኔ ላይ ነው። «ተሰማ የሚባል ሰው ነበረ።»